ስቴፕ፦ ከጋሪው ላይና ከድንኳኑ ደጃፍ

በጥር 1888 አንቶን ቼኾቭ ሃያ ስምንት ዓመት ሞላው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንባቢ መጀመሪያ ያወቀው በብዕር ስም በሚያወጣቸው አጫጭርና አስቂኝ ጽሑፎች ነበር። ሐኪም ነው፤ ሕመምተኛ ያያል፣ በቀረው ጊዜ ለሳምንታዊ መጽሔቶች ይጽፋል፣ የሚከፈለውም በመስመር ልክ ነው። በዚያ ወር ግን «ሴቨርኒ ቬስትኒክ» ለተባለ ትልቅ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ረዥም ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን አነሣ። ታሪኩ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ወንጀልም አይደለም። ርእሱ አንድ ቃል ነው፦ «ስቴፕ»።

በሩስያና በጎረቤቶቿ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የዚህን ቃል ያህል ከባድ ሸክም የተጫነበት የመልክዐ ምድር ስም ያለ አይመስለኝም። አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ነጻነት ነው፤ ሌላው ውስጥ ስጋት፤ ሌላው ውስጥ ብቸኝነት። ለአንዳንዱ ደግሞ የእናት ቤት ነው። ይህ ሁሉ ትርጉም ከሣሩ አልበቀለም። የመጣው ጸሐፊው ቆሞ ከሚያይበት ቦታ ነው። በጋሪ ተሳፍሮ የሚያልፍ ሰው የሚጽፈው ስቴፕ ሌላ፣ ድንኳኑን ተክሎ የሚኖርበት ሰው የሚጽፈው ሌላ ነው። ሁለቱን አጎራብቶ ያላነበበ ሰው ቃሉን በግማሹ ብቻ ያውቀዋል።

አስቀድሞ ምድሩን እንይ። ስቴፕ ዛፍ የሌለው፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው። ከዳኑቤ ወንዝ መፍሰሻ ተነሥቶ ዩክሬንን፣ ደቡብ ሩስያንና ካዛኽስታንን አቋርጦ እስከ ሞንጎልያና ማንቹርያ ድረስ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ዛፍ የጠፋበት ዝናቡ ስለሚያንስ ነው። በአብዛኛው የስቴፕ ምድር በዓመት የሚዘንበው ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ይህ መጠን ለጫካ አይበቃም፤ ለሣር ግን ይበቃዋል። የብርዱ ወራት መሬቱን ያደነድኑታል፣ የሙቀቱ ወራት ያነዱታል። በመካከላቸው ባለው አጭር ጊዜ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ቀይና ቢጫ ቱሊፕ ይፈነዳል፤ ተከትሎም «ኮቪል» የሚሉት ነጭ ጸጉራም ሣር ይነሣና ነፋስ በነካው ቁጥር ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይተማል። ሐምሌ ሲደርስ ሁሉም ቡናማ ይሆናል።

ከሣሩ በታች ያለው ከላዩ ይበልጣል። የስቴፕ ሣር ሥሩን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይሰድዳል፤ ከሥሩ ከፊሉ በየዓመቱ ይሞትና እዚያው ይበሰብሳል። ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ አጥቦ አይወስደውም። ይህ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ብስባሽ ሩስያውያን «ቼርኖዚዮም» የሚሉትን፣ በአንዳንድ ስፍራ ከአንድ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጥቁር አፈር ሠራ። የእኛን መረሬ የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን አንድ እንዳያደርጋቸው። መረሬ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ እግር የሚይዝ ሸክላማ አፈር ነው፤ ቼርኖዚዮም ግን ሲዘግኑት በጣት መካከል ይፈረፈራል። የአፈሩን አፈጣጠር በ1883 በታተመ መጽሐፉ ያስረዳው ቫሲሊ ዶኩቻየቭ ነው፤ የአፈር ጥናት ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ የቆመውም በዚያ ሥራ ነው። ይህን እዚህ የማነሣው ሣሩን ያስጠፋው ይኸው ለምነቱ ስለሆነ ነው። በሶቭየት ዘመን ኦዴሳ ወይም ሮስቶቭ ሄዶ የተማረ ኢትዮጵያዊ የቆመው በስቴፕ ምድር ላይ ነበር፤ ያየው ግን ስንዴና ሱፍ አበባ ነው።

ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። በጥንቶቹ የሩስ ጽሑፎች ይህ ምድር የሚጠራው «ፖሌ» እየተባለ ነበር፤ መስክ ማለት ነው። ልዑል ኢጎር በ1185 በፖሎቭትሲ ዘላኖች ላይ ዘምቶ ድል መሆኑን የሚተርከው ጥንታዊ ሥራም የሚያውቀው መስክን ነው። ቆይቶም ከሞስኮ በስተ ደቡብ ያለው ሣራማ ምድር «የዱር መስክ» ተባለ። ዱር ያሰኘው አውሬው ብቻ አልነበረም። ከክሪሚያ የሚነሣ ፈረሰኛ በዚያ ሣር ውስጥ ተሰውሮ ይመጣና መንደር አቃጥሎ፣ ሰው ማርኮ ለባሪያ ገበያ ይነዳ ነበር። ለገበሬው ሜዳው ውበት አልነበረውም። ከአድማስ አቧራ ሲነሣ ልጅን ወደ ምሽግ የሚያስሮጥ ስጋት ነበር።

በጽሑፍ ከሁሉ የቀደመው ግን ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የታሪክ መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ስለ እስኩቴሶች ይተርካል፤ በቆላስይስ መልእክት ስማቸው የተጠቀሰው ሕዝብ ናቸው። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ታላቅ ሠራዊት አስከትሎ ሲመጣባቸው እስኩቴሶቹ ፊት ለፊት አልገጠሙትም። ሣሩን እያቃጠሉ፣ የውኃ ጉድጓዱን እየደፈኑ ወደ ሜዳው ጥልቀት ወሰዱት። ዳርዮስ ቢሰለቸው መልእክተኛ ሰደደ፤ ወይ ቆመህ ተዋጋ ወይ ገብር አለ። አለቃቸው ኢዳንቲርሱስ፣ ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ ሕዝቡ የሚከላከለው ከተማም ሆነ የታረሰ ማሳ እንደሌለው ነገረው። ንጉሡ መዋጋት ካሻው የአባቶቻቸውን መቃብር ፈልጎ ይንካ፣ ያን ጊዜ ይዋጉ እንደሆነ ያያል።

ይህን መልስ ደጋግሜ አስባለሁ። ተራራም ጫካም በሌለበት ሜዳ ላይ ሰው የኔ ነው ብሎ የሚያመለክተው ነገር መቃብሩ ነው። የእስኩቴሶቹ የመቃብር ጉብታዎች፣ «ኩርጋን» የሚባሉት፣ ዛሬም በዩክሬንና በደቡብ ሩስያ ቆመዋል። በ1845 የዩክሬኑ ባለቅኔ ታራስ ሼቭቼንኮ ታሞ ተኝቶ ሳለ በጻፈው ኑዛዜ መሳይ ግጥሙ የለመነው በሰፊው ስቴፕ መካከል፣ በጉብታ ላይ እንዲቀብሩት ነው። ስቴፕ በተነሣበት መጽሐፍ ሁሉ፣ ብዙ ገጽ ሳንገልጥ፣ መቃብር ይመጣል። ቼኾቭም አላለፈውም፤ በመንገዱ ዳር የተገደሉ ነጋዴዎች መቃብርና መስቀል አቁሟል።

ስጋት የነበረውን ስም ወደ ደስታ የለወጠው ኒኮላይ ጎጎል ነው። ጎጎል በ1809 በፖልታቫ አውራጃ ተወለደ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ፒተርስበርግ ሄደ፤ ከዚያ ደመናማና ረግረጋማ ከተማ ሆኖ በ1835 «ታራስ ቡልባ»ን አወጣ፤ በ1842 አስፍቶ በድጋሚ አሳተመው። ሽማግሌው ኮሳክ ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ዛፖሮዥየ ሰፈር ሲጋልብ ያለው የስቴፕ መግለጫ በሩስኛ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የታወቀ ነው። ሣሩ ፈረስና ፈረሰኛን ይውጣል፤ ማረሻ የሚባል አልነካውም፤ አየሩ በሺህ ዓይነት የወፍ ድምፅ ተሞልቷል። ጎጎል በመጨረሻ ቃል ሲያጥረው ሜዳውን በፍቅር ይረግመዋል።

ይህ ደስታ ግን በውስጡ ሐዘን አለበት። ዳግማዊት ካትሪን የዛፖሮዥየን ኮሳኮች ሰፈር በ1775 አስፈርሳለች፣ ክሪሚያን በ1783 ጠቅልላለች። ጎጎል ሲጽፍ ያ ሜዳ ለመኳንንትና ለሰፋሪዎች ተከፋፍሎ እየታረሰ ነበር። እርሱ የገለጸውን ያልተነካ ሣር በዓይኑ አላየውም፤ የሰማው ከዘፈንና ከአያቶች ወሬ ነው። ስለዚህ «ታራስ ቡልባ» ውስጥ ስቴፕ የሀገር ስም መሆኑ ቀርቶ የዘመን ስም ሆነ። በሩስኛ ነጻነትን በሜዳ መመሰል የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቼኾቭ ይህን ያውቅ ነበር፤ ይፈራውም ነበር። ለሽማግሌው ደራሲ ለግሪጎሮቪች በላከው ደብዳቤ ጎጎልን የስቴፕ ንጉሥ ብሎ ይጠራዋል፤ ወደ ግዛቱ ስለገባሁ በሰማይ ይቆጣኛል የሚል ስጋቱንም ይነግረዋል። ሌላም ጭንቀት ነበረው። የሚጽፈው ታሪክ ሳይሆን የስቴፕ ኢንሳይክሎፔዲያ እንዳይሆንበት። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የሚሆን ነገር የለምና። ዬጎሩሽካ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሐምሌ ማለዳ ከትውልድ ከተማው ይወጣል። ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ነው። አብረውት ያሉት ነጋዴው አጎቱና አባ ክሪስቶፎር የሚባሉ ደስተኛ ቄስ ናቸው፤ ሁለቱም የበግ ጠጉር ሊሸጡ ይጓዛሉ። መሃል መንገድ ላይ ልጁን ጠጉር ጭነው ከሚሄዱ ባለጋሪዎች ጋር ይተዉታል። ሲራራው ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ዶፍና ነጎድጓድ ይመጣል፤ ልጁ ይታመማል፤ ይድናል፤ ከተማ ይደርሳል። በቃ።

ነገር ግን ይህን «ምንም» የሞላበት እጅ ምድሩን በልጅነቱ የዳሰሰ ነው። ቼኾቭ የተወለደው በአዞቭ ባሕር ዳር በታጋንሮግ ነው። አያቱ ዬጎር ገባር ሆኖ ተወልዶ ራሱንና ቤተሰቡን በገንዘብ ነጻ ያወጣ፣ ኋላም በስቴፕ ውስጥ የባላባት ርስት ያስተዳደር ሰው ነበር፤ ልጁ አንቶን እርሱን ለመጠየቅ በጋሪ ያንን ሜዳ ተሻግሯል። የታሪኩ ልጅ ስም የአያቱ ስም ቁልምጫ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በ1887 የጸደይ ወራት፣ መጻፍ ከመጀመሩ ከወራት በፊት፣ ወደዚያው ወርዶ ነበር። ያገኘው ግን የሚጠፋ ዓለም ነው፤ ታጋንሮግ በ1869 ባቡር ገብቶላት ጠጉርና እህል በሐዲድ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሲራራው በታሪኩ ውስጥ የሚጓዘው በትዝታ መንገድ ነው።

የጎጎል ስቴፕ በፈረስ ላይ ሆነው የሚያዩት ነው፤ የቼኾቭ በጭነት ላይ ተኝተው የሚያዩት። ለዚህ ነው ጊዜው የሚንቀራፈፈው። አንድ ዛፍ ከሩቅ ይታያል፣ ልጁ ማን እንደተከለው ያስባል፣ ዛፉ ያልፋል። የንፋስ ወፍጮ ክንፉን ሲያዞር ይታያል፤ ለሰዓታት ቢጓዙም አይቀርብም፣ አይርቅም። ሩስኛ ስቴፕን ሴት ያደርጋታል፣ ዩክሬንኛ ግን ወንድ ይለዋል፤ ቼኾቭ በሩስኛው ሴትነት ተጠቅሞ ሜዳዋን ሕሊና ይሰጣታል። በአንድ የሌሊት ክፍል ላይ ስቴፕ ብቻዋን መሆኗን የምታውቅ ፍጥረት ትሆናለች። ሀብቷና ውበቷ ያለ ምስክር በከንቱ እንደሚባክን ተሰምቷት የሚዘፍንላት ሰው ትጣራለች። ብዙ ተቺዎች የታሪኩ ልብ ይህ ነው ይላሉ። እኔም በጣም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የሚያልፍ ሰው ስሜት መሆኑን መርሳት የለብንም። ሜዳዋ ብቸኛ የሆነችው ለሲራራው ነው።

ይህን ቼኾቭ ራሱ ሳይገባው አልቀረም፤ ያለዚያ ቫስያን ባልፈጠረው ነበር። ቫስያ ከባለጋሪዎቹ አንዱ ነው። ክብሪት ፋብሪካ ሠርቶ አገጩ ያበጠበት፣ ማንም ቁም ነገር የማይለው ምስኪን። ዓይኑ ግን ከሰው ሁሉ ይርቃል። ሌሎቹ ባዶ ቡናማ ሜዳ በሚያዩበት እርሱ ቀበሮ ስትጫወት፣ ጥንቸል ፊቷን ስታብስ፣ ወፍ ላባዋን ስታስተካክል ያያል፤ ብቻውንም ይስቃል። ለእርሱ ስቴፕ ባዶ ሆና አታውቅም። ልጁ በዚህ ይቀናበታል። በጠቅላላው መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ገጽ የለም ብዬ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ሜዳው ባዶ የሚሆነው ዓይን ሲያጥር ነው የሚል ሐሳብ፣ በትንሹና በተናቀው ሰው በኩል፣ ሳይሰበክ ተቀምጧል።

ቫርላሞቭም አለ። አጎት፣ ቄስ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ባለጋሪ ሁሉ የሚፈልጉት ባለብዙ መሬት ሀብታም፤ ሁሉም አሁን እዚህ ነበር፣ አሁን ሄደ ይላሉ። አንባቢ ግዙፍ ሰው ይጠብቃል። ሲመጣ ግን ተራ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ትልቅ ቦት ያጠለቀ፣ አለንጋ የያዘ አጭር ሽበታም ነው። ጎጎል በሣር ውስጥ የደበቀው ጀግናን ነበር። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ስቴፕን የሚዞራት ሂሳብ የሚያሰላ ነጋዴ ሆኗል። ቶልስቶይም በ1886 ባወጣው የታወቀ ታሪክ፣ በባሽኪሮች ሜዳ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዞርከው ሁሉ ያንተ ነው ተብሎ የሮጠውን ገበሬ ፓኾምን ጽፏል። ቶልስቶይ ራሱ በ1870ዎቹ በሳማራ ስቴፕ መሬት ስለገዛ ምኞቱን ከውስጥ ያውቀዋል። ፓኾም በስግብግብነቱ ይቀጣል። በዚያ ታሪክ ከባሽኪሮቹ ወገን የቆመ ተራኪ ግን የለም፤ መሬቱን ስለሚሰጡት ሰዎች ልብ የምናውቀው ሳቃቸውን ብቻ ነው።

ታዲያ የነርሱ ወገን ምን ይል ነበር? መልሱ በዚያው ዘመን ተጽፏል፤ ቼኾቭ የሚዘፍንላት ሰው የላትም ከማለቱ በፊት ዘፋኙ ተገኝቷል።

አባይ ኩናንባየቭ በ1845 በካዛኽ ምድር በቺንጊስ ተራሮች አጠገብ ተወለደ። ስሙ ከወንዛችን ስም ጋር ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም፤ አስተዋይ እንደማለት ያለ፣ አያቱ ያወጡለት የቁልምጫ ስም ነው፤ የመጠሪያ ስሙ ኢብራሂም ነበር። አባቱ የጎሣ አለቃ ነው። ልጁ በሴሜይ ከተማ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛና ፋርስኛ ተማረ፤ ለጥቂት ወራት ሩስኛ ትምህርት ቤትም ገባ። ኋላ ፑሽኪንንና ሌርሞንቶቭን አንብቦ ወደ ካዛኽኛ መለሰ። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የሆነው ፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ውስጥ ያስቀመጠውን የታትያናን ደብዳቤ አባይ በራሱ ዜማ አስገባው፤ ማንበብ የማይችሉ እረኞች ዶምብራ በሚሉት ባለአውታር መሣሪያ እየተጫወቱት ከድንኳን ወደ ድንኳን ተላለፈ። ካዛኾች «አቂን» የሚሏቸው፣ ዶምብራ ይዘው በግጥም ፊት ለፊት የሚሟገቱ ዘፋኞች አሏቸው፤ አዝማሪ ቤት ሁለት አዝማሪዎች ሲሟገቱ የሰማ የእኛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ያ ሜዳ ያለ ዘፈን ውሎ አድሮ አያውቅም።

አባይ በ1886 ስለ በጋው ወራት አንድ ግጥም ጻፈ። ወሩ እንደ ቼኾቭ ታሪክ ሐምሌ ነው። ሣሩም ረዥም ነው፤ እንደ ጎጎልም ፈረሶቹን ሰውሯቸው ጀርባቸው ብቻ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ዓለም ነው። መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ወደሚጮኸው ወንዝ ዳር ወርዷል። ወጣት ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው እየተሳሳቁ ድንኳን ይተክላሉ። የመንጋው ባለቤት ከብቱን አይቶ ደስ ብሎት በፈረሱ ይመለሳል። ሕፃናት እናታቸውን ከበው ሥጋ ይለምናሉ፤ ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ ጎረምሶች በጭልፊት ያድናሉ። ማንም ስለ ሜዳው ስፋት አንድ ቃል አይተነፍስም። የሚኖርበት ሰው ስለ ስፋቱ ምን ያስጨንቀዋል? የሚያየው ሥራውን፣ ዘመዱን፣ ከብቱን ነው። ያው ሣር በጎጎል ዘንድ የጠፋ ነጻነት፣ በቼኾቭ ዘንድ ብቸኝነት ሆኖ ሳለ፣ በአባይ ዘንድ ሰፈር ነው።

ካዛኾች ይህን ምድር «ዳላ» ይሉታል። የሩስያ መንግሥት ግን በ1882 ግዛቱን በኦምስክ የሚቀመጥ የስቴፕ ጠቅላይ ገዥነት ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ የአስተዳደር ወረቀት ላይ ወጣ። ቼኾቭ ታሪኩን ባሳተመበት በ1888 በኦምስክ በሩስኛና በካዛኽኛ አንድ ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ስሙ የስቴፕ ክፍለ ሀገር ጋዜጣ ማለት ነው። የአባይ የሐምሌ ግጥም በ1889 የወጣው በዚያ ጋዜጣ ላይ፣ በወዳጁ በኮክባይ ስም ነው። አንዱ የሩስያን አንባቢ በስቴፕ ብቸኝነት ሲያስለቅስ፣ ሌላው በስቴፕ ሰዎች የተሞላ ግጥሙን በሰው ስም ሲያሳትም፣ በሁለቱ መካከል የነበረው የአንድ ዓመት ልዩነት ነው። በ1891 የወጣው ደንብ ደግሞ የዘላኖቹን መሬት የመንግሥት ንብረት አደረገው። ሜዳው ባዶ ነው የሚለው የመጻሕፍት ስሜት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ትርፍ መሬት ይሆናል። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባሉት ዓመታት ከ1 ሚሊዮን በላይ ገበሬ መጥቶ ሰፈረበት።

በጽሑፍ የተገለጸ ባዶነት ሰው ያፈናቅላል ማለቴ አይደለም፤ ቼኾቭ ማንንም አላፈናቀለም። ሰው ያለበትን ምድር ባዶ ብሎ የማየት ልማድ ግን በታሪክ ውስጥ ዋጋ አስከፍሏል፤ ከባዱን የከፈሉት ደግሞ ካዛኾች ናቸው። በስታሊን ዘመን ዘላኖቹ ከብታቸው ተወስዶ በኅብረት እርሻ እንዲሰፍሩ ሲገደዱ ከ1930 እስከ 1933 በነበረው ረኃብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ካዛኽ ነበር። በ1954 ኒኪታ ክሩሽቾቭ «ድንግል መሬት» የተባለውን ዘመቻ አወጀ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ታረሰ፤ 25 ሚሊዮን ያህሉ በካዛኽስታን ነው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች አስደናቂ ነበሩ። ሣሩ ሲገለበጥ ግን አፈሩን የያዘው ሥር አብሮ ሄዷል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሳው አቧራ ሆኖ ተነሣ፣ በ1963 ሶቭየት ኅብረት ስንዴ ከውጭ ገዛች። ዶኩቻየቭ ከ1891ዱ ድርቅ በኋላ፣ በ1892፣ ስለ ስቴፕ ትናንትና ዛሬ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ዓይነት አደጋ አስጠንቅቆ ነበር። በዩክሬን ያልታረሰ ስቴፕ ማየት የሚሻ ሰው ሲጠቁሙት የኖሩት አስካንያ ኖቫን ነው። አንድ ባለርስት በ1898 ከርስቱ ከፍሎ እንዳይነካ ያደረገው ሜዳ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ግን ጦርነቱ ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ ሁለቱን እይታዎች በአንድ መጽሐፍ ያገናኘው ሰው ላይ ደረስን፤ ቺንጊዝ አይትማቶቭ። በ1928 በኪርጊዝስታን ሼከር መንደር ተወለደ፤ አባቱ በ1938 በስታሊን ዘመን ከተረሸኑት አንዱ ነው። በ1958 ያሳተመው «ጃሚላ» ከቼኾቭ «ስቴፕ» ጋር ያለው ቅርበት ይገርመኛል። ጋሪዎች እህል ጭነው በስቴፕ ውስጥ ወደ ባቡር ጣቢያ ይጓዛሉ፤ የሚያየውና የሚተርከው ልጅ ነው፤ ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጋ ነው። ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ ዳንያር ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ፣ እያነከሰ የሚሄድ ዝምተኛ ነው። አንድ ማታ መንገድ ላይ ይዘፍናል። በዘፈኑ የኪርጊዝ ተራራና የካዛኽ ስቴፕ ይፈራረቃሉ፤ ዳንያር ወላጅ አልባ ሆኖ ያደገው በካዛኾች መካከል ነበርና። አብራቸው ጋሪ የምትነዳው የጃሚላ ልብ የሚነካው በዚያ ድምፅ ነው። የቼኾቭ ሜዳ የጠራችው ዘፋኝ እዚህ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፤ ከውጭ የመጣ ግን አይደለም። የሜዳው ልጅ ነው።

በ1980 ያወጣው ታላቅ ልብ ወለዱ ደግሞ ከመቃብር ይጀምራል። በካዛኽ ስቴፕ መካከል ባለች ትንሽ የባቡር ማቋረጫ ላይ የሚኖረው ዬዲጌይ ወዳጁ ካዛንጋፕ ሞቶበት፣ አስከሬኑን በትራክተር ጋሪ አስጭኖ፣ እርሱ በግመሉ እየመራ ወደ ጥንቱ መካነ መቃብር ወደ አና ቤይት ይጓዛል። ሲደርሱ መንገዱ በሽቦ ታጥሯል፤ ምድሩ የጠፈር መንኮራኩር ማስወንጨፊያ ሆኗል። ዬዲጌይ ለዘብ መኮንኑ በካዛኽኛ ሊያስረዳው ይሞክራል። መኮንኑ ራሱ ካዛኽ ነው፤ በሩስኛ ተናገር ይለዋል። ዬዲጌይ አስከሬኑን መልሶ ከሽቦው ውጭ በሌላ ገደል አፋፍ ላይ ይቀብረዋል፤ ለእርሱም መቃብሩ እዚያው እንዲሆን ለጓደኞቹ አደራ ይላል። ኢዳንቲርሱስ ዳርዮስን የገጠመው በዚሁ ነገር ነበር፤ ዬዲጌይ ግን ጦር የለውም።

አና ቤይት የእናት ማረፊያ ማለት ነው። በልብ ወለዱ አፈ ታሪክ ወራሪዎች የማረኩትን ጎረምሳ ራስ ይላጩና ከታረደች ግመል የተገፈፈ ትኩስ ቆዳ ይለጥፉበታል። ፀሐይ ላይ ይጣላል፤ ቆዳው እየደረቀ ራሱን ሲጨምቀው ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፈው ስሙን፣ አባቱን፣ እናቱን የማያስታውስ፣ ጌታውን ብቻ የሚያውቅ ባሪያ ይሆናል። ናይማን አና የተባለች እናት ልጇን በስቴፕ ውስጥ ግመል ሲጠብቅ አገኘችው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ልታስታውሰው ደጋግማ ነገረችው። በጌቶቹ ትእዛዝ በቀስት ገደላት። የተቀበረችበት ቦታ ነው ኋላ ሽቦ የታጠረበት።

አይትማቶቭ እንዲህ ላለው ሰው የሰጠው ስም «ማንኩርት» ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የሶቭየት ሪፐብሊኮች ስለ ቋንቋቸውና ስለ ታሪካቸው በግልጽ መከራከር ሲጀምሩ፣ ቃሉ ከልብ ወለዱ ወጥቶ ወደ ጋዜጣና ወደ ሰልፍ ገባ። ከአልማቲ እስከ ባኩ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ለተወ ባለሥልጣን፣ የአያቱን ስም ለማያውቅ ከተሜ፣ ታሪኩን ለካደ ምሁር ይሰነዘራል፤ መጽሐፉን ከፍተው የማያውቁ ሰዎችም ይጠቀሙበታል።